ከካሜራው ሥር ያለችው ጠረጴዛ

ሰውየው የጨርቅ መጋዘን ዘበኛ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን በእሱ የሚጠራው የለም። ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጠራጊዋ «ጋሽ ነፋሱ» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ድሮ፣ የዘበኞች አለቃ በነበረ ጊዜ ነው። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ተንኳኳ፤ አብሮት የሚያድረው ዘበኛ «ምንድን ነው?» ቢለው «ነፋስ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ» አለው። ነፋስ አልነበረም። ሲነጋ ጣሪያው ተቀዶ፣ መደርደሪያው ላይ የነበረው የሱፍ ጨርቅ ሁሉ ጠፍቶ ተገኘ። ከዚያ አለቃነቱ ሄደ፣ ስሙ መጣ። ከዚያ በፊት ለስንት ዘመን ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር «ነፋስ ነው» ብሎ ልክ እንደነበረ የሚያስታውስለት ግን አንድ ሰው አልተገኘም። ሰው እንዲህ ነው። ሺህ ጊዜ ልክ ብትሆን ዝም ይልሃል፤ አንዴ ስትስት ስም ያወጣልሃል።

ካሜራው የመጣው አሮጌው ባለቤት ሞተው ልጃቸው ሥራ አስኪያጅ የሆነ ጊዜ ነው። ይሄን ልጅ ጋሽ ነፋሱ በትከሻው ተሸክሞ በጣቃዎቹ መሀል ሲያስፈነድቀው ነበር። አሁን ልጁ «አንተ» ይለዋል፣ እሱ «እርስዎ» ይለዋል። ልጁ ወንበሩ ሳይሞቅ ከሁለቱ የቀን ዘበኞች የኋላውን በር የሚጠብቀውን አሰናበተና በምትኩ ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ጥቁር ካሜራ አሰቀለ። መሰላሉን የያዘው ጋሽ ነፋሱ ነበር፤ ስለዚህ አየ። ካሜራው ባዶ ቀፎ ነው። ሽቦ የሚባል አልገባበትም። ውስጡ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አለ፤ ከፊት ለፊት ደግሞ እንደ ታመመ ዓይን የምትርገበገብ ቀይ መብራት። ሌላ ምንም።

«ይሄን የምናውቀው እኔና አንተ ነን» አለው ሥራ አስኪያጁ። «ከአፍህ ከወጣች ግን የማውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ፤ አንተ እዚህ የለህም።»

ድንጋዩን መቀየርም የእሱ ሥራ ሆነ። በእረፍት ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ያንን የተረገመ ጉልበቱን እየጎተተ መሰላል ይወጣል፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ይከታል፤ ቀይዋ መብራት እንደገና ትርገበገባለች። ሲወርድ ሁልጊዜ ያው ነገር ይሰማዋል። ድካም።

ሰዉ ግን ተለወጠ። ቁራጭ ገበር ከቀሚሷ ሥር ሸጉጣ ትወጣ የነበረችው ሴት የወሰደችውን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ መልሳ አመጣችው። ሾፌሩ በዚያ ጥግ ሲያልፍ ኮፍያውን ብድግ ያደርጋል። አንደኛው ተሸካሚ ከአለቃው ጋር በተጣላ ቁጥር ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «እሱ ያያል! እሱ ይፈርዳል!» ማለት ጀመረ። ጠራጊዋ ሌላውን ቦታ ለዓመል ያህል አባብሳ፣ ያንን ጥግ ግን እንደ ሙሽራ ቤት ትወለውለዋለች። ጋሽ ነፋሱ በር ላይ ቆሞ ይሄን ሁሉ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ በሁለት ዓይኑ ሲጠብቃቸው ኮፍያ ያነሳለት የለም። ለባዶ ፕላስቲክ ተነሳ።

የእህቱ ልጅ በመጋዘኑ ውስጥ ጨርቅ ለኪ ናት። ተያዥ ሆኖ ያስገባት እሱ ነው። ልጅቷ ሥራ ስትሠራ ማንጎራጎር ትወዳለች፤ ዜማው የት እንደሚጀምር የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፣ ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ይሄዳል። ከእሷ በፊት የነበረችው ለኪ «ጨርቅ ታጎድላለች» ተብላ ነው የተባረረችው። ይሄ ነገር ልጅቷን እንቅልፍ ነሳት። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ጠረጴዛዋ ወደ ጥጉ፣ ልክ ከካሜራው ሥር እንዲዛወርላት ለመነች። ቦታው ከገበሩ መደርደሪያ ጀርባ ነው፤ ከአዳራሹ ሆኖ የሚያያት ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። «እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ነው የምፈልገው» አለ።

ጠረጴዛውን ከወዲያ ወገን የያዘላት አጎቷ ነበር።

«ከሰው መሀል አትራቂ፣ ልጄ» አላት።

«አጎቴ ደግሞ! ሰው ያያል፣ ግን ይረሳል። ሲጣላህ ደግሞ ያየውን አላየሁም ይላል። እሱ አይረሳም፣ አይጣላም።» ወደ ላይ አየች። ከዚያ ቀሚሷን አስተካከለች።

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠው። ሥራውን ፈርቶ ነው ቢባል እውነት ነው። ግን ደግሞ ፊቷን አይቶ ነው። በዚያ መጋዘን ውስጥ እንደዚያ ያለ ፊት አይቶ አያውቅም።

ዕቃ ከሚያሽጉት ሴቶች ትልቋ፣ «እሜቴ» የሚሏት፣ ይሄን ነገር አልወደደችውም። ልጅቷ ከአሻጊዎቹ ጎን ተነስታ መሄዷን እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፣ ልጅቷ እንድትሰማ ጮክ ብላ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ እንኳ በአፍንጫ ነው የሚለዋወጡት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ የተጣለ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል፤ ምሳ ዕቃው ተከፍቷል። ዕቃ መዝጋቢው ቀድሞ ሳይንስ ያስተምር የነበረ ሰውዬ ነው፤ አሁንም «መምህር» ነው የሚሉት። አፉ አያርፍም። ሾፌሩ ኮፍያውን ሲያነሳ አይቶት ኖሮ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለው ሾፌሩ።

«አንተ አይደለህም ያሳቅከኝ። ቅድመ አያትህ ነው። የቅድመ አያትህ ቅድመ አያት።»

«ዘሬን ተው!»

«ስማኝማ። ድሮ፣ ሰው ቤት ሳይኖረው፣ ሁለት ሰዎች ሣር ውስጥ ይሄዳሉ እንበል። ሣሩ ኮሽ አለ። አንደኛው አውሬ ነው ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሁለተኛው...» መምህሩ ዞሮ ጋሽ ነፋሱን አየው። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ቀልዱ ግን እጁ ላይ ወድቆለታል፣ ማን ይተዋል? «ሁለተኛው፣ ነፋስ ነው አለ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እሜቴ በአባቷ ስም እየማለች ጭኗን መታች። ጋሽ ነፋሱ ዳቦውን ማላመጥ አላቆመም።

«ብዙ ጊዜ ነፋስ ነው» አለ መምህሩ ሳቁ ሲበርድ። «የሮጠው ሰው ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው የሮጠው። ምን አጣ? ላብ። ነፋስ ነው ያለው ግን አንዴ ሲሳሳት ተበላ። የተበላ ሰው ደግሞ አይወልድም። እኛ ሁላችንም የሮጡት ልጆች ነን። ለዚህ ነው በር ሲንቀጫቀጭ ማነው የምንለው። ምንድን ነው አንልም፤ ማነው ነው የምንለው። መብረቅ ሲመታ ማን ተቆጣ እንላለን። ልጅ ሲታመም ማን አየብኝ እንላለን። ከሁሉ ነገር ጀርባ አንድ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት ነው የወረስነው።»

«የጋሽ ነፋሱ ዘሮች ታዲያ እንዴት ተረፉ?» አለ ተሸካሚው።

«እሱን ራሱን ጠይቀው። ምናልባት አንድ ሯጭ በመንገድ ላይ አዝሏቸው ይሆናል።»

ሳቁ ተመለሰ። ጋሽ ነፋሱ ውሃውን ጠጣ። አንድ ሌሊት ለተናገራት ቃል የሰው ዘር ከተፈጠረበት ጀምሮ ያሉት አያቶቹ ሁሉ ተሰደቡ። ይሄም ዕውቀት ተብሎ።

«ዓይኑስ?» አለች እሜቴ ወደ መጋዘኑ በአገጯ እያመለከተች። «ሰው ሲያየው ለምን ይታረማል?»

«እሱም ያው ነው። አብሮ የሚያድን፣ አብሮ የሚበላ ሕዝብ አስቢ። ማንም በሌለበት ሥጋውን የሚሰርቅ ካለ ሕዝቡ ይበተናል። ማንም ባይኖርም የሚያይ አለ ብሎ የሚያምን ከሆነ ግን ይተማመናል፣ አብሮ ይከርማል፣ ሌላውን ያሸንፋል። ዘበኛ ውስጡ የተቀመጠለት ሕዝብ ዘበኛ አይቀልብም።»

«ታዲያ እግዜር የለም ልትለን ነው?»

«ወጣኝ? ዓይን እንዴት እንደተሠራ ብነግርሽ ብርሃን የለም አልኩሽ? ስለ ጭንቅላታችን ነው የማወራው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም።»

«ካላወቅክ ዝም ብለህ ምሳህን ብላ» አለች እሜቴ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ጋሽ ነፋሱ ግን ቀኑን ሙሉ አብሰለሰለው። ያናደደው ቀልዱ ብቻ አልነበረም። ነገሩ እውነት ስለመሰለው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ውሃ ሰማያዊው ሐር ጠፋ። አንድ ሙሉ ጣቃ፣ መጋዘኑ ውስጥ ካለው ሁሉ ውዱ። ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ እንዲለካ ወደ ልጅቷ ጠረጴዛ መጥቶ ነበር። እሷ ለካችው፣ ጠቀለለችው፣ ከመደርደሪያው ጫፍ የቆመው ጋሪ ላይ አስቀመጠችው። ጋሪው ከቆመበት ሲሄድ ግን የለም። ገፊው «ባዶ ጋሪ ነው ያገኘሁት» አለ። ሾፌሩ «አልጫንኩም» አለ። ጋሽ ነፋሱ በር ላይ ሁሉንም ፈተሸ፤ ምንም አልወጣም። ወይም በኋላው በር በኩል ወጥቷል፤ እዚያ ይቆም የነበረው ዘበኛ ከተሰናበተ ቆይቷል።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን አዳራሹ ውስጥ አሰለፈ። «የወሰደው ሰው እስከ ነገ ጠዋት ይመልስ። ካልተመለሰ ካሜራውን ከፍቼ አያለሁ» አለ።

ሰዉ ሁሉ ፊቱ አመድ መሰለ። ያልሰረቀውም ጭምር፤ በካሜራ ፊት የሚያፍርበት ነገር የሌለው ማን ነው? የልጅቷ ፊት ብቻ በራ። ወደ ቤት ሲሄዱ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉ ስታንጎራጉር ነበር።

«አይጨንቅሽም?» አላት።

«ምን ያስጨንቀኛል? ከእሱ ሥር አይደል የዋልኩት? ይልቅ የወሰደው ሰው ያሳዝነኛል።»

ጋሽ ነፋሱ መስኮቱን አየ። ልጅ ሳለ፣ ትምህርት ቤት፣ የአስተማሪው የእጅ ሰዓት ከጠረጴዛ ጠፍቶ ነበር። አስተማሪው ማንንም ሳይጠይቅ እሱን አስነሳው። «ሰው ባያይህ ፈጣሪ አይቶሃል» አለው። እሱም ደስ አለው። አይቶኛል፤ ስለዚህ አልወሰደም ይልልኛል ብሎ። በክፍሉ ፊት ቆሞ ጠበቀ። ማንም ምንም አላለለትም። ተባረረ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ሰዓቱ በኋላ ከአስተማሪው ኮት ገበር ውስጥ ተገኘ አሉ፤ ሊነግረው ግን የመጣ የለም። አሁን የእህቱ ልጅ እዚያው ቦታ ላይ ቆማለች፤ እሱ ደግሞ የዳኛው ወንበር ባዶ መሆኑን ያውቃል። እሷ መስረቅ አለመስረቋንስ ያውቃል? አላየም። ያላየውን አምኖ የማያውቅ ሰው ነው። እሷ ግን አልሰረቀችም።

በማግስቱ ልጅቷ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስጠራት። የቢሮው በር ክፍት ነው፤ ሠራተኛው እንዲሰማ ሆን ብሎ ነው የተወው። ጋሽ ነፋሱ እንደ ዘበኛነቱ በሩ ላይ ቆሟል።

«ካሜራውን አየሁት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ትደነግጣለች፣ እግሩ ላይ ትወድቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ፈገግ አለች፤ የሳተ ልጅ እንደምታርም ዓይነት።

«አይሆንም፣ ጌታዬ። ሌላ ሰው ነው ያዩት። እስቲ አብረን እንየው።»

«ለሠራተኛ አይታይም።»

«ለእኔ ብቻ። ስለካው፣ ስጠቀልለው፣ ጋሪው ላይ ሳስቀምጠው ያዩኛል። ሁሉም እዚያ አለ።»

«አይታይም አልኩሽ! ብታምኚ ይሻልሻል።»

ያኔ ነው ፊቷ መጥፋት የጀመረው። ስለ ፈራች አይደለም። ከሱ ስለማትጠብቀው ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ከላይኛው። «እንዴት እኔን ያሳያል?» አለች ለራሷ። «እንዴት ይዋሻል?» ደግሞም፣ በጣም በቀስታ፣ «ወይስ ሳላውቀው...» አለች።

ጋሽ ነፋሱ ይሄን ሰማና ከበሩ ወደ ውስጥ አለፈ። ሌላው ሁሉ ይቻላል። ልጅቷ በገዛ እጇ ላይ ስትጠራጠር መቆም አይቻልም።

«ካሜራው አላየሽም» አለ። «ምንም አላየም። ባዶ ቀፎ ነው።»

«ዝም በል!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ድንጋዩን የምቀይረው እኔ ነኝ። ሽቦ የለው፣ ምን የለው። ሁለት የባትሪ ድንጋይና አንዲት መብራት ናት። ስንት ጊዜ ነው የወጣሁት!»

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወደ ቢሮው በር ተጠጉ። ከዚያ ተሸካሚው ነው የጀመረው፤ «ጋሽ ነፋሱ ዛሬም ነፋስ ነው አለ!» ሲል ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሳቃቸው ቅጥ ያጣ ነበር፣ እንደ ሰከረ ሰው ሳቅ። «የእህቱ ልጅ ናት እኮ፣ ምን ያድርግ» አለች ጠራጊዋ በሀዘኔታ።

ጋሽ ነፋሱ አልተከራከረም። ሄዶ መሰላሉን አመጣ። ጉልበቱን እየጎተተ ወጣ፤ ካሜራውን ከግድግዳው ነቅሎ ወረደ፤ በሰዉ ፊት ክዳኑን ከፈተው። ሁለቱ ድንጋዮች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። መብራቷ ጠፋች። ሰዎቹ ተጠግተው አዩ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ቀፎው ውስጥ አጮለቀ።

«እህ» አለ። «ታዲያ ይሄ ለማታለያ የተሰቀለው ነዋ። ዋናው ሌላ ቦታ ነው የተደበቀው።»

«እሱን ነው የምልህ!» አለ ተሸካሚው። «እንዲህ በግልጽ የሚሰቅል ሞኝ አለ? ዋናው አይታይም።»

አንዱ ጣሪያውን አየ፤ ሌላዋ የመብራቱን አምፖል። ጋሽ ነፋሱ ቀፎውን እንደ ያዘ ቀረ። ከፍቶ አሳይቷቸዋል፤ ምን ቀረው? መምህሩን አየው። መምህሩ የሚለው ነበረው፤ ግን ሥራ አስኪያጁን አየና ዓይኑን መዝገቡ ላይ ተከለ።

ሥራ አስኪያጁ ሞኝ አይደለም። የጣሉለትን ገመድ ጨበጠ። «በትክክል» አለ። «ዋናው የት እንዳለ ልነግራችሁ አልገደድም። እሱ ደግሞ አይቷታል።»

ልጅቷ ግን ቀፎውን ነው የምታየው። ወለሉ ላይ የወደቀውን ድንጋይ አንስታ በመዳፏ ያዘችው።

«ማንም አላየኝም ማለት ነው?» አለች። «ያን ሁሉ ቀን? ማንም?»

እሜቴ ከማሸጊያው ጠረጴዛ ጀርባ ተነሳች። ወገቧን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ለማንም ደስታ እንደማትነሳ ሴት ሆና።

«እኔም አላየኋትም» አለች። «ማየትም አልፈልግም፤ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ግን ከመደርደሪያው ጀርባ ያቺን መጨረሻ የሌላት ዜማዋን ስታላዝን ነው የዋለችው። ራሴን እስኪያመኝ። ሐሩ ጋሪው ላይ ሲቀመጥ ዘፍ ሲል ሰማሁ፤ እሷ ከዚያ በኋላም ስታንጎራጉር ነበር። ጋሪው ሲነሳም፣ ሌላ ጨርቅ ስትዘረጋም፣ እኛ እስክንወጣ። አንዲት ሴት ጣቃ ተሸክማ ሄዳ ደብቃ እዚያው ቁጭ ብላ አታንጎራጉርም።»

«እኔም ሰምቻታለሁ» አለች ሌላዋ አሻጊ።

«እኔም። ዝም በይ ልላት ነበር።»

«ስላላያችሁ ምስክር አትሆኑም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አላየናትም፤ ግን ነበረች» አለች እሜቴ። «እርስዎ ያ ካሜራዎ አለ ካሉን እናምናለን። እኛም ነበረች ካልን ይመኑ። ወይም ያምጡና ያሳዩን።»

ሴቶቹ ሁሉ ከጠረጴዛቸው ተነስተው ቆሙ። ማንም አልጮኸም። ዕቃ ግን አልታሸገም፤ ውጭ መኪናው ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ለዚህ ጊዜ ይለፍ» አለ በመጨረሻ። «ጉድለቱ በመጋዘኑ ስም ይመዝገብ። አንቺ ወደ ሥራሽ።» ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረ። «አንተ ቁልፉን አስረክብ።»

ጋሽ ነፋሱ ቁልፉን አስረከበ። ደህና ዋል ያለው ሾፌሩ ብቻ ነበር፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጣሪያውን በጎን እያየ።

በቀትር ቤቱ ሄዶ አያውቅምና የት እንደሚሄድ ጠፋው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ሠራተኛው ሲወጣ ልጅቷ አገኘችው። የክት ቀሚሷ ጫፍ አቧራ ይዟል።

አጠገቡ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም። «ስንት ጊዜ ነው ድንጋዩን የቀየርከው?»

«ብዙ።»

«እኔ ጠረጴዛዬን ሳዛውር ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም፣ አጎቴ?»

ሥራዬን ፈርቼ ሊል ነበር። «ደስ ብሎሽ ስለነበር» አለ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አይበቃም።

ልጅቷ ከቀሚሷ ጫፍ አቧራውን አራገፈች። ከዚያ «ነገ ወደ መሀል ልመለስ ነው። እሜቴም አፍሽን ከዘጋሽ ከጎኔ ቦታ አለ ብላኛለች» አለች።

«ትዘጊያለሽ?»

«አላውቅም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዜማው አንድም ጊዜ አልወጣልኝም።»

ጋሽ ነፋሱ ሰው ባየኝ ብሎ ተመኝቶ አያውቅም፤ ወይም ከዚያች የትምህርት ቤት ቀን ወዲህ ተመኝቶ አያውቅም። አሁን ግን እሷ አንድ ነገር እንድትለው ጠበቀ፤ ዛሬ ያደረግከውን አይቻለሁ እንድትለው። አላለችውም።

«ለእናቴ አንተ ራስህ ትነግራታለህ» አለችው።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሥራህንም፣ ቀፎውንም። እኔ ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል» አላት።

አውቶቡሱ መጣ። ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በሩ ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። ትንሽ ተንገዳግዶ ቆመ፣ ማንንም ሳያወርድ ሄደ። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰችና ቀሚሷን ሰብስባ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ ከእሱ ጥቂት ራቅ ብላ። ሌላ እስኪመጣ ጠበቁ።